የደጋ ሰዓት፣ የቆላ ሰዓት

ኅዳር 11

ጻፊ። ጠዋት ገንፎ በላሁ። በግራ በኩል ብቻ ነው የማኝከው፤ ቀኙ ገና አልሻረም። ሐኪሙ ሲነቅለው «አባት፣ ይቻሉት» አለኝ። ቻልኩት። እሱ ነው ያላበው። ከደባርቅ ጎንደር ለአንድ ጥርስ ወርጄ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ። ያረፍኩበት ማራኪ የሚሉት ሸጋ ሰፈር ነው፣ ሰዉ ግን ሰላምታ አያስጨርስም።

የምትጽፈው ልዕልት ናት፣ የልጄ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አልቆጠርኩም አልኩ እንጂ አላውቅም አላልኩም። እንደተናገርኩት ጻፊ፣ አታሳምሪ።

ቅዳሜ ተማሪ ሰብስባ ፊልም ታሳያለች። ከዚያ የቱ እውነት ነው፣ የቱ ውሸት ነው ብላ ትለያለች አሉ። ፊልም ሁሉ ውሸት አይደል? ምኑ ይለያል?

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ከፊት አስቀመጡኝ፣ እንደሚገባኝ።

አንዲት ሴት በሰማይ መርከብ ተሳፍራ ትሄዳለች። ስትመለስ ታናሽ እኅቷ አርጅታ፣ ጎብጣ፣ ከዘራ ይዛ ትቀበላታለች። ሂያጇ ግን አንድ ጠጉሯ እንኳ አልሸበተም። ሳቄን መቼ ልቻለው! «ውሸታሞች!» ብዬ ጮኽኩ። አዳራሹ አብሮኝ ሳቀ።

ልዕልት መብራት አስበራችና «መርከቡ ውሸት ነው፤ እንዲህ የሚበር እስካሁን የሠራ የለም። የጊዜው ነገር ግን እውነት ነው» አለች።

ምን አለች?

በጣም የፈጠነ ሰው ጊዜው ይዘገያል። ደግሞ ዝቅ ካለ ቦታ የተቀመጠም እንዲሁ ይዘገያል። ተራራ ላይ ያለ ሰዓት ቆላ ካለው ሰዓት ይቀድማል። ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም፣ ጊዜው ራሱ ነው። ከአንድ ክንድ ባነሰ ከፍታ እንኳ ተለክቶ ታይቷል አለች።

ክው አልኩ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ሰው ሁሉ ወጥቶ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ... ደጋና ቆላ? እንዲህ ያለ ነገር እያለ ሰባ ሦስት ዓመት ማንም አልነገረኝ?

ኅዳር 14

ለልጆቼ እንኳ በቅጡ ያልነገርኩትን ልናገር ነው። ጻፊ።

መንታ ወንድም አለኝ። ላቀው። እናታችን በወለደችን በሦስተኛው ቀን ሞተች። አዋላጇ ለአባታችን «መጀመሪያ የወጣው አላምረው ነው» አለች፤ እኔ ማለት ነው። ለአክስታችን ደግሞ «ላቀው ነው» አለች። ከዚያ እሷም ሞተች። ፊታችን አንድ ነበር፤ አባታችን እንኳ አንዱን ሲጠራ ሌላው ይመጣበት ነበር።

በአባታችን ተዝካር ዕለት ቄሱ «ታላቁ ልጅ እዚህ ይቀመጥ» አሉ። ሁለታችንም ተነሣን። ወንበሩ ባዶውን ዋለ። በዚያው ሳምንት ላቀው መተማ ወረደ፣ ሰሊጥ ሊያርስ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ልጁን ሲድር አልሄድኩም። ሚስቴን ስቀብር አልመጣም። ቀድሞ የደወለ እንደ ታናሽ «አያ» ብሎ መጥራት አለበት... ማን ይበል?

ዛሬ ልዕልትን ጠየቅኋት። «እኔ ደጋ ኖርኩ፣ እሱ ቆላ። እንግዲህ ማን ይበልጣል?»

ስልኳን ነካካች። «አንዲት ሰከንድ አምስት ሺህ ቦታ ብትቆረጥ፣ በአንዷ ቁራጭ እርስዎ ይበልጣሉ።»

«እበልጣለሁ?»

«አባባ፣ እሳቸው በደቂቃ ቀድመው ተወልደው ከሆነ ግን...»

«መቅደሙን ማን አየ? ይኼ ግን ተለክቷል አላልሽም?»

«ተለክቷል።»

«እንግዲያው ዩኒቨርሲቲው በማኅተም ይጻፍልኝ።»

ሳቋን ዋጠች። አይቻታለሁ። ይህንንም ጻፊ።

ኅዳር 16

ለዚህ ማኅተም አይመታም አለች። ምነው? ለስንቱ ይመቱ የለም እንዴ?

ኅዳር 18

የላቀው ልጅ ሰርካለም ደወለች። አባቷ ታሞ እዚሁ ጎንደር ሆስፒታል ገብቷል። ሆዱ ውስጥ እብጠት አለ፣ ኦፕራሲዮን ነው የሚሉት። «አጎቴ፣ ይምጡ» አለች።

«እሱ ጥሪው አለሽ?»

«አላለም።»

እሄዳለሁ። ማኅተሙ ቢቀር ልዕልት ትመሰክራለች።

ኅዳር 19

ክፍል ተሳስተናል ብዬ ልመለስ ስል ሰርካለም ክንዴን ያዘችኝ። አልጋው ላይ የተኛው አባታችን ነው። በሞተበት ዓመት የነበረው አባታችን! ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ጥርስ የለው፣ እጁ እንደ እርፍ ደርቋል።

ይህ ነው ታናሼ? ትንሽ ጊዜ የኖረው ይህ ነው?

«ላቀው የታል?» አልኩ።

«ደጋ ዓይን ያጠፋል እንዴ?» አለኝ። ድምፁ የራሴ ድምፅ።

ወደ ልዕልት ዞርኩ። «ዋሽተሽኛል!»

«አልዋሸሁም፣ አባባ። ያልኩዎት ስለ ሰዓት ነው። ሰውነት በወባም፣ በፀሐይም፣ በድካምም ያረጃል።»

ላቀው ምን እንደምንባባል ጠየቀ። ነገርኩት፤ ፊልሙን፣ ተራራውን፣ የሰከንዷን ቁራጭ። የግሉኮሱ ገመድ እስኪወዛወዝ ሳቀ። «ይህን ፊት ይዤ ታናሽ? ተው በል!» ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጣራ ጣራውን አየ። «ይሁን፣ ውሰደው። እኔስ ደከመኝ... አያ አላምረው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኋት ቃል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

የእሱ ሐኪም ወረቀት ይዞ ገባ። እንዲሁ ከተተወ ወር አይሞላም፤ ኦፕራሲዮኑ ላይም ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል አለ። «ከቤተሰብ ማን ይፈርማል?»

ሰርካለም ወደ ኋላ አለች። «ቢሞትብኝ አባቷን ገደለች ይሉኛል።»

«ታላቄ እዚህ ቆሟል» አለ ላቀው። «እሱ ይፈርም።»

ታላቅነት ወንበር ብቻ ነበር የመሰለኝ። ልግደለው ወይስ ላድነው? በምን አውቃለሁ?

አውራ ጣቴን ቀለም አስነኩኝ። ልዕልት ልትይዝልኝ እጇን ስትዘረጋ «ተይው» አልኳት። ራሴ አተምኩ።

ኅዳር 22

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ኦፕራሲዮን ገባ፣ ሰባት ሰዓት ወጣ። ይተነፍሳል። ሌላ የምለው የለኝም።

ኅዳር 23

ነቃ። ዓይኑን ገልጦ ብዙ አየኝና «ምነው ከሳህ?» አለኝ። እሱ! እኔን!

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ጻፊው፣ ምን ታዪኛለሽ?

ኅዳር 27

ቶሎ ጻፊ፣ መሄዴ ነው። አስታማሚው እኔ ነኝ፤ ሰርካለም ትተኛ፣ አልቃለች።

አጥሚት ሁለት ማንኪያ ወሰደ። ሦስተኛውን ጋቢዬ ላይ ተፋው። ቧንቧው ሥር ቆሜ ራሴ አጠብኩት፤ ነርሶቹ እያዩኝ። ይዩ። ዳነ አልልም፣ ሐኪሙም አላለም። ሁለት ማንኪያ መውሰዱን ግን ጻፊ።

ትናንት አንድ ነበር።