አምቡላንስ ወንዙን አይሻገርም

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ለመጻፍም አፍራለሁ። ትናንት አምቡላንስ ጋ ደወልኩና ሰውየው «ሃሎ» ሲል ዘጋሁት።

እንደገና ሞከርኩ። እንደገና ዘጋሁት። ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት አልችልም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳላቋርጥ በፊት፣ መልሱን እያወቅሁ እንኳ እጄን አላወጣም ነበር። ያ ግን የክፍል ጥያቄ ነው። ይኼ እማዬ ናት።

እማዬ ወሯ ገብቷል። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል። አሁን ደግሞ ፊቷም አበጠ፤ ራሷን በጣም ያማታል። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስካለ የደም ግፊቷን ለካች፤ እንደገና ለካች። ጓሮ ጠርታኝ፣ «እናትሽ ቤት መውለድ የለባትም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነው መድረስ ያለባት፤ ቶሎ» አለችኝ።

እሷ ራሷ ደውላ ነበር። የላይኛው ወረዳ «ቀበሌያችሁ ከእኛ ወጥቷል» አላት። የታችኛው «መኪናችን ቆሟል» አላት። አሁን ለክትባት ቆላ መውረድ ስላለባት «አንቺ ደጋግመሽ ደውዪ» ብላኝ ሄደች። እኔን!

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ አምና የላይኛው ወረዳ ሰዎች ነበርን። ጤና ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነው፤ የእማዬ ክትትልም እዚያ ነው። አምና አዲስ ወረዳ ሲከፈት ወሰኑ ወንዙ ነው ተባለ። እኛ ከወንዙ ወዲህ ስለሆንን ለታችኛው ወረዳ ተሰጠን። የታችኛው ጤና ጣቢያ ሩቅ ነው፣ ቆላ። አዋላጇ ተዛውራ ምትክ አልመጣም።

ቤታችን ግን ያው የነበረበት ቦታ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አባባ በእግሩ ዳገቱን ወጥቶ ላይኛው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደ። አባባ የሚካኤል ቄስ ነው፤ ሰው ሁሉ ያከብረዋል። «ለእሱ እንቢ አይሉትም» ብለን ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን ስናይ ዋልን።

ብቻውን ተመለሰ። ኃላፊው ብድግ ብሎ መስቀሉን ተሳልሟል። ወንበር ሰጥቶታል። ሻይ አስመጥቶለታል። ከዚያ «አባቴ፣ እኔም እናት አለችኝ። ግን መኪናዋ ከወሰን ወጥታ አንድ ነገር ብትሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ። የእርስዎ ወረዳ በዞኑ በኩል ይጠይቀን» ብሎታል።

«አንተስ ምን አልከው?» አለች እማዬ።

«ምን እለዋለሁ? ባርኬው ወጣሁ።»

«ባረክኸው? መኪናውን ሳይሰጥህ?»

እማዬ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። ወዲያው ግን ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ጋደም አለች። አባባ ወጣ። በኋላ ሳየው የገብሱ ክምር ሥር ተቀምጦ በጋቢው ፊቱን ሸፍኗል። እንዳላየ ሰው ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ደወልኩ። አልዘጋሁትም!

በእኛ በኩል ኔትወርክ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ብቻ ነው። እዚያ ወጥቼ የምለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። እናቴ ነፍሰ ጡር ናት። ወሯ ገብቷል። ደም ግፊት አላት። ካቻምና የወለደችው ሞቷል። መጨረሻውን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት።

የታችኛው ወረዳ ሰውዬ እያዛጋ ነበር መሰለኝ። «አንቺ ማነሽ? ትልቅ ሰው የለም?»

«ያለሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ጎማ የለንም፣ እህቴ። ግዢው አልጸደቀም።»

«መቼ ይጸድቃል?»

«እኔ ምን አውቄ?» አለ። ቢያንስ አልዋሸኝም።

የላይኛው ወረዳ ሴትዮ ደግ ድምፅ አላት። «የኔ ቆንጆ፣ የእናንተ ቀበሌ እኮ ከእኛ ወጥቷል» አለችኝ። በደግ ድምፅ ሲሉት የበለጠ ያማል።

ስመለስ ጋሽ ደምሴ እኛ ቤት ተቀምጠዋል። የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ሰው ሲሞት የሚቀብረውም፣ የታመመ ሲኖር በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያደርሰውም ቅሬው ነው። «ወደ ቆላው ጤና ጣቢያ ይዘናት እንውረድ። አሁን ወረዳችን እሱ ነው፤ ወደ ላይ ብንወጣ ከደጅ ይመልሱናል» አሉ። አባባም አዎ አለ። እኔም እውነት መሰለኝ።

እማዬ ግን ተነስታ ተቀመጠች። «ጋሽ ደምሴ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ። ካቻምና በዚያ ቃሬዛ ስታወጡኝ ልጄ መንገድ ላይ ነው የሞተብኝ። ሁለተኛ አልተኛበትም። ከሞትኩም ቤቴ ልሙት።»

ጋሽ ደምሴ አቀርቅረው ወጡ።

ቤቴ ልሙት አለች። እኔ እያለሁ፣ ጆሮዬ እየሰማ። እኔስ ምን ልሁን? ማንን ልጥራ? ማልቀስም አልቻልኩም፤ ሊጥ አቦካሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ እማዬ «ዓይኔ ላይ እሳት ብልጭ ብልጭ ይላል» አለች። ውሃ ስሰጣት ብርጭቆውን ስታ አየር ጨበጠች።

አመሻሽ ላይ አስካለ ከቆላ ደረሰች፤ እስከ ቅንድቧ አቧራ ለብሳ። ጋሽ ደምሴ ያሉትን ስነግራት ጮኸች። «ማነው ይመልሷታል ያላችሁ? ደጃቸው የደረሰች ነፍሰ ጡር መመለስ አይችሉም! ወሰን ያለው ለመኪናው ነው፤ ለአዋላጆቹ አይደለም!»

ሁላችንም ተሳስተን ነበር። ይኼን ሁሉ ቀን!

ግን ዳገቱን በሸክም አትችለውም። ካቻምናም ሕፃኑን የፈጀው እሱ ነው። «የላይኛው ወረዳ መኪና እስከ ወንዙ ማዶ ይመጣል?» አልኩ።

«ማዶ የእነሱ ነው፤ ለምን አይመጣም?»

«የእማማ ጥሩነሽ ቤት እኮ ማዶ ነው።»

አስካለ አፏን ከፍታ አየችኝ። እማማ ጥሩነሽ የቅሬያችን ሰው ናቸው። ቅሬው በሚካኤል ደብር እንጂ በወረዳ አልተከፈለም፤ ወዲህም ማዶም አንድ ነን።

አባባ ተጨነቀ። «ቄስ ሆኜ የማዶ ሰው ነን ብዬ አልዋሽም።»

«ማዶ ከደረስን በኋላ ምኑ ነው ውሸቱ፣ አባቴ?» አለችው አስካለ።

እማዬ ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። «ቃሬዛ ላይ አልተኛም። ጥሩነሽን ልጠይቅ ከሆነ ግን አልጋዬን ተሸክማችሁ ውሰዱኝ» አለች።

አሁኑኑ ብንሄድ በተሻለ ነበር። ግን መሽቷል፣ የወንዙ ድንጋይ ያንሸራትታል፣ ወንዶቹም አጨዳ ላይ ተበትነዋል። ነገ ሚካኤል ነው። ማለዳ ሁሉም ደብሩ ላይ ይገኛሉ። እስከዚያ ሚካኤል ይጠብቃት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

መጻፍ አልችልም። በሕይወት አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ደብረ ብርሃን ነን። የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ትናንት ቅዳሴ እንዳለቀ ወንዶቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። የጠፍር አልጋዋን ከነእማዬ አንስተው ወንዙን ገቡበት። ጋሽ ደምሴ ከፊት ሆነው «ቀስ! እንቁላል የያዝክ ምሰል!» እያሉ ይቆጣሉ። ማዶ ኔትወርክ አለ፤ ስንደርስ ስልኩን ለአባባ ሰጠሁት። አየውና መልሶ ሰጠኝ። ደወልኩ። ያቺው ሴትዮ ናት።

«የየት ቀበሌ ሰው ናት?» አለች።

«አሁን ያለችው ወንዙ ማዶ፣ እማማ ጥሩነሽ ቤት ናት። ደም ግፊት አላት። ዓይኗ እየጠፋ ነው። ኑ፤ ወይም አንመጣም በሉኝና ልወቀው።»

ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ «እንመጣለን» አለች።

ሹፌሩ እየሳቀ መጣ። አልጋውንና የራሰ ልብሳችንን ሲያይ ነገሩ ገባው። «የኔ መኪና ውሃ አይፈራም ነበር፤ የሚፈሩት አለቆቼ ናቸው» አለ። ወንዶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እማዬ እጄን ለቃው ነበር።

መኪናው ውስጥ አንቀጠቀጣት። አፏ አረፋ ደፈቀ። አስካለ በጎኗ አስተኝታ ያዘቻት። ጤና ጣቢያው እንደደረስን መርፌ ወጓት። አዋላጇ ከየት ወረዳ ናችሁ ብላ አልጠየቀችንም። በዚያው መኪና ወደዚህ ላኩን። ሐኪሞቹ ቀድደው አዋለዷት። ሴት ልጅ ናት፣ ትንሽዬ። ሙቀት ክፍል አስገቧት።

እማዬ እስካሁን አልነቃችም። አባባ ኮሪደሩ ላይ ዳዊት እየደገመ ነው። አንዱን ገጽ ብቻ ደጋግሞ እንደሚያነብ አይቼዋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ነቃች!

ስሜን ጠራች። ፊቷ ግን ወደ እኔ አልዞረም። ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚታያት። ሐኪሙ «ሊመለስላት ይችላል፤ እንጠብቅ» አለን። ይችላል አለ እንጂ ይመለሳል አላለም። ሕፃኗም ገና ሙቀት ክፍል ናት።

ከሰዓት በኋላ ገንፎ ቢጤ ስሰጣት ሁለት ጉርሻ ቀምሳ አቆመች። «በለጡስ?» አለችኝ። በለጡ ከግድግዳችን ቀጥላ ያለችው ጎረቤታችን ናት። እሷም እርጉዝ ናት፤ ታኅሣሥ ላይ ትወልዳለች።

«ደህና ናት» አልኳት።

«እሷን ምጥ ሲይዛት ሚካኤል ባይሆንስ? ወንዶቹ ባይገኙስ?»

አፏን ጠረግሁላት። እማዬ ተኛች። ከእኔ ጆሮ ግን ጥያቄው አልወጣም። ሁለቱ ወረዳዎች ተጠሪነታቸው ለዞኑ ነው፤ የዞኑ ጤና መምሪያ ደግሞ እዚሁ ከተማ ነው። አባባን «ነገ እንሂድ» አልኩት። «ማን ያነጋግረናል፣ ልጄ?» አለኝ። እኔም አላውቅም። ወንበር ሰጥተው ሊሸኙን ይችላሉ። በር ላይም ሊያስቀሩን ይችላሉ።

ነገ ጠዋት ለእማዬ ምሳዋን አዘጋጅቼ እሄዳለሁ። አባባ አብሮኝ ይመጣል፤ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በለጡን ምጥ ሲይዛት ወንዙን ተሻግሮ የሚመጣው የማን መኪና ነው? የወረዳውን ስም ሳይነግሩኝ ከዚያ ቢሮ አልወጣም።