ያልተሞላው የገበያ ቀን

ንፋስ መውጫ፣ ጥር 14

ወንድሜ ልመንህ፣

እዚህ መምህራን ስለ አካባቢው አርባ ቀበሌዎች በኢንተርኔት የዊኪ ገጽ ሲጽፉ በአርትዖት እያገዝኳቸው ነው። «መለጠፊያ» የሚሉት ነገር አላቸው። አንዴ የተጻፈ ቅጽ በየገጹ ይገባል፤ የሚሞላው ባዶ ቦታው ብቻ ነው። ስሙ ብቻ እንደሚቀየረው እንደ ጋዜጣችን የሐዘን መግለጫ በለው።

መምህርት የትናየት ቅጹን ያዘጋጀችው ከአርብ ገበያ ከተማ ገጽ ቀድታ ነው፤ የገበያውን ቀን ግን ባዶ ማድረግ ረስታለች። ስለ አድባራቱ ሊነግሩን እዚሁ አገር ካለው የድጓ ትምህርት ቤት ከቤተ ልሔም የመጡት የኔታ ሞላልኝ ገጾቹ ሲነበቡ ሰምተው ሳቁ።

«ልጄ፣ አርባው ቀበሌ ሁሉ አርብ ከገበየ ማን ለማን ይሸጣል?»

«የኔታ፣ እኔ እኮ አንዴ ብቻ ነው የጻፍኩት!»

ከቅጹ ላይ አንዴ ስታጠፋው ከአርባውም ገጽ ጠፋ። ከዚያ ሁሉም የአገሩን ቀን ሞላ። ስማዳ ያለችው ያንተ ጎሽ ሜዳ ብቻ ቀረች፤ ከዚያ የመጣ ሰው የለም። ከአባትህ ጋር በግ እየነዳችሁ ወደ ገበያዋ ስትወጡ የነበረውን ሃያ ዓመት ሙሉ በጋዜጣው ቢሮ አጠገቤ ተቀምጠህ አውርተኸኛል፤ ቀኑን ግን ጠይቄህ አላውቅም።

ስልክ ብደውል በደቂቃ ያልቃል። አልደውልም። ከልጅነትህ ወዲህ አላየሃትም፤ መጥተህ ራስህ ሙላው።

ፖስት ካርዱ ሞላ። መስታወትንና ልጆቹን ሳምልኝ። የጎሽ ሜዳን ባዶ ቦታ ማንም እንዳይነካው ለየትናየት ነግሬያታለሁ። ናፍቀኸኛል።

ፈትለወርቅ