የሣር ማጨጃው ሞተርና የልጄ የግርማ ስም

ለልጄ ለግርማ፤

መርዶህ የመጣ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ገና ማባራቱ ነበር። ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የዕድራችን ዳኛ አቶ ወልዴ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ፣ ከሁሉም ኋላ ጓደኛህ ከድር አንገቱን ደፍቶ። ማንም ምንም ሳይለኝ አወቅሁት። ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለደግ አይመጣም። ቆላ ወርደህ ወባ እንደያዘህ፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ እንዳረፍክ፣ እዚያው እንደተቀበርክ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ነገሩኝ።

ይኸው ክረምቱ አልፎ በጋውም ሊጋመስ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት አንተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተርህን አብሬህ እያየሁ አይደል? እያንዳንዱን ፊደል ስጽፍ ያቺ ትንሽ ጣትህ ስትጠቁመኝ ትታየኛለች። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው።

እህትህ አልማዝ አሁንም ምሳ ስናቀርብ ሦስት ብርጭቆ ታወጣና አንዱን መልሳ ታስገባለች። እኔም እንዳላየ እሆናለሁ። አልጋህ ላይ ማንም አልተኛም። ቱታህን አላጠብኩትም፤ የቤንዚኑ ሽታ ይለቃል ብዬ ፈራሁ። ስትኖር ግን በዚያ ሽታ ስንት ጊዜ ተቆጥቼሃለሁ፣ የኔ አባት።

ልነግርህ የፈለግሁት ስለ ማጨጃው ነው። ትሠራበት የነበረውን የእንግዶች ማረፊያ ግቢ ሣር የምታጭድበትን፣ እንደ ትራክተር ላዩ ላይ ተቀምጠህ የምትነዳውን መኪና ማለቴ ነው። ሞተሩ እየተነሣ ይጠፋብህ፣ ሲሄድም ሳል እንደያዘው ሰው ይንተፋተፍብህ ነበር። የቀድሞው ኃላፊ ፈቅደውልህ በጭነት መኪና ወደ ቤት ያመጣኸው፣ የከድር ጋራዥ ለኛ ቅርብ ስለሆነ መሣሪያ እየተዋስክ ልትሠራው ነበር። ምስር የማበጥርበትን ሰፌድ ወስደህ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ትደረድርበታለህ። ስጮህብህ፣ «እማዬ፣ ተራው ከጠፋ መልሶ የሚገጥመው አይገኝም፤ ምስሩ ትንሽ ይታገሥ» ትለኛለህ። አጠገብህ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስልጥ እኔንም ታስተምረኝ ነበር። ሞተር እሳት፣ ቤንዚንና አየር ካገኘ ሌላ አይለምንም ትል ነበር።

ለአንድ ወር የማረፊያው ባለቤት የሆነው ድርጅት እርሻ ላይ ትራክተር እንድትነዳ ቆላ ሂድ በተባልክበት ሳምንት፣ እሑድ ዕለት፣ ሞተሩ ተስተካከለልህ። አልማዝን ከፊትህ አስቀምጠህ ግቢያችንን ስትዞር የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ላይ እየሳቁ ጦር ኃይሎች አድርሰን አሉህ። አንተም ፌርማታ ላይ ተሰልፋችሁ ጠብቁ አልካቸው። ስመለስ ወስጄ አስረክበዋለሁ ብለህ መሀል ግቢ አቁመኸው ሄድክ።

ከለቅሶው በኋላ፣ ሐዘን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ተቀምጠው ሳለ፣ የማረፊያው አዲሱ ኃላፊ በቮልስ መኪናው ሾፌር ይዞ መጣ። ማጨጃውን ሊወስድ ነው። ሾፌሩ ባትሪ አገናኝቶ ቢሞክር ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። አንድ ጊዜ ብቻ ጭስ ተፍቶ፣ ተንቀጥቅጦ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ኃላፊው ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣ የሞተሩን ዕቃ አውጥቶ ሸጦታል፣ ቤቱም ያመጣው ለዚሁ ነው አለ። ባለሙያ ልኬ አስመረምረዋለሁ ብሎ ሄደ። የተቀመጡት ሰዎች መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ወዲህ ፌርማታው ላይ ሳልፍ የተያዘ ወሬ ሲቋረጥ ይሰማኝ ጀመር። ሞትህን ለመቻል እየታገልኩ ሳለሁ ሌብነት ጨመሩልኝ። አንተ መልስ መስጠት አትችልም። እኔ ደግሞ ይሠራ እንደነበር በዓይኔ አይቼአለሁ፤ ግን የእናት ምስክርነት ማን ይቀበላል?

ከድርን አስጠራሁት። ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ቅዳሜ ከሥራ ወጥቶ መጣ። መጀመሪያ እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ ፈታ፤ ጥቁር ሆኖ በዘይት ረጥቧል። ጠርጎ ሞተሩ ላይ አስነክቶ ሲያዞረው እሳቱ ብልጭ አለ። እሳት አለ ማለት ነው። ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድቶ ቢያየው ከሥሩ ውኃ ተኝቷል፤ ዝናቡ ገብቶበታል። አፍስሶ አዲስ ሞላ። ሞተሩ ተነሣ ሲባል ተንተፋተፈና ጠፋ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ጠፋ። ከድር ላቡን ጠርጎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔን ማየት ፈርቶ እንደሆነ ገባኝ። እኔም አንተ የምትለው ትዝ ብሎኝ፣ አየሩን አይተኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

የአየር ማጣሪያውን ክዳን ሲከፍት ውስጡ ያለው ወረቀት ድስት ውስጥ ገብቶ እንደወጣ ነገር ዘይት ያንጠባጥባል። ከድር ደንግጦ፣ «እማማ፣ ይህን መኪና ማን ነው በጎኑ ያስተኛው?» አለኝ።

ያን ጊዜ በለቅሶው መሀል በዓይኔ ሽው ብሎ ያለፈ ነገር መጣልኝ። ግቢያችን ጠባብ ነው። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ሲሉ ማጨጃው መሀል ቆሞ አስቸገራቸው። አቶ ወልዴ እያዘዙ፣ ስድስት ሰባት ሆነው ተሸክመው አጥሩ ሥር በጎኑ አስደገፉት። ድንኳኑ እስኪነሣ ዝናብ እየዘነበበት እዚያው ተኛ። ከዚያ መልሰው በጎማው አቆሙት፤ ማንም ልብ አላለውም። ለካ የሞተሩ ዘይት ሁሉ ወደማይሄድበት ሄዷል። አንተን ሊያለቅሱልህ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቅር አላለኝም። አቶ ወልዴ ሲሰሙ ግን እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

ከድር ካንዴላውን አውጥቶ ሞተሩን ሲያዞረው የታመቀው ዘይት እየተረጨ ወጣ፤ የኔ ቀሚስም አልቀረለትም። ማጣሪያውን ለወጠ፣ ዘይቱንም ቀየረ። ሲያስነሣው ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ፤ እየተንቀጠቀጠ፣ እያነከሰ ቆየና ጭሱ እየሳሳ፣ ድምፁ እየተስተካከለ መጣ። ያ የእሑዱ ድምፅ ነው። አልማዝ ከቤት ሮጣ ወጣችና ማጨጃው ላይ ማንም አለመቀመጡን አይታ መልሳ ገባች። እኔም መደሰት አቃተኝ።

ኃላፊው በተጠራ ጊዜ ባለሙያውንም የጭነት መኪናም ይዞ መጣ። ባለሙያው ከፋፍቶ አየና የጎደለ ዕቃ የለም አለ። ኃላፊው ይጫን ብሎ ወደ ቮልሱ ዞረ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ። ያን ቀን ግን የቮልሱን በር ያዝኩ።

«ልጄን ሌባ ያሉት በሰው ፊት ነው። የሚመልሱትም በሰው ፊት ይሁን» አልኩት።

ጎረቤቱ በሙሉ ቆሞ ይሰማል፤ አቶ ወልዴም መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ኃላፊው ባርኔጣውን አወለቀና ቀስ ብሎ፣ «ልጅሽ አልሰረቀም፤ ሳላጣራ ነው የተናገርኩት» አለ። ማጨጃውን ጭነው ሄዱ። ስምህ ነጻ ወጣ፣ ዓይኔ። ግቢው ግን ባዶ ሆነ፤ አንተም አልመጣህም። ለካ ያን ሁሉ ሰሞን በዚያ ነገር ተይዤ ነበር። እርሱ ካለቀ ወዲህ ቀኑ አይመሽልኝም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ቆላ አብሮህ የነበረ ሰው በቅርቡ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። ስትቀበር ፍትሐቱን ያደረሱልህ ቄስ የክርስትና ስሙ ማነው ብለው ቢጠይቁ፣ አብረውህ ከነበሩት ማንም አላወቀም አለኝ። ከየት ያውቁታል? እኔ ነኝ የማውቀው፤ እኔ ደግሞ የለሁም። ያለ ስምህ ተሸኘህ። እዚህ ደብራችን ስምህን ወስጄ አስጠርቼሃለሁ፤ እስትንፋሴ እስካለች በየዓመቱ አስጠራሃለሁ፤ ቱታህም አይታጠብም። ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ብትጠራህ ያ ሁሉ አገር ርቀት የሚደርስ አይመስለኝም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ እባካችሁ ልጄን አንድ ጊዜ በጸሎታችሁ ጥሩልኝ። የክርስትና ስሙ ገብረ መድኅን ነው።