ሞሚና ስንት ጥርስ አላት?

ሮቤ፣ የካቲት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ ዙህራ፣ ኢንተላ ኮ፣ የዓይኔ ብርሃን!

አሰላሙ አለይኩም። ይህ ጠማማ ጽሑፍ የማነው ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ የእናትሽ ነው! መሠረተ ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እያንዳንዷን ቃል ራሴ ነኝ የጻፍኳት፤ አባትሽ እጁን አላስገባም። ተቀይመሽኝም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። "ከእንግዲህ አልጽፍም" ያልሽበትን ደብዳቤ አይቼዋለሁ፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። አስተማሪያችን ጠጄ "እማማ ሞሚና፣ ጋዜጣ ብቻ ማንበብ ይሰለችዎታል" ብላ የወንጀል ልቦለድ አዋሰችኝ። ተከታታይ ነው፤ አራት መጽሐፍ! አገሩ ባሕር መሀል ያለች አንዲት ፍሬ ደሴት ናት። መርከብ የሚመጣው በወር አንዴ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ከተራራው ማዶ ያለችው ሪራ መንገዱ ተቆርጦባት እንደምትቀረው በይው። ሰዉ ሁሉ ይተዋወቃል፣ ሁሉም ዘመድ ነው፣ ግን ይገዳደላል! ያ አላህ! ነገር ፈልፍላ የምታወጣ አንዲት ሴት ሃምሳ አለቃ አለች፤ ወላሂ ድርቅናዋ ቁርጥ አንቺን። በሷ ምክንያት የአባትሽን ገንፎ ሁለቴ አሳረርኩ። አንቺ አሰብ ባሕሩ ዳር ነሽና፣ ማዕበሉ እውነት እንደዚያ ያገሳል?

ጉዱ ያለው ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። ለዓሣ አጥማጆቹ ደብዳቤ የሚያነብላቸው አንድ ሽማግሌ አለ። ሃምሳ አለቃዋ በምን ጠረጠረችው መሰለሽ? ወረቀቱ ፊትና ጀርባው ተጽፎበታል፤ እሱ ግን በአንድ ትንፋሽ አንብቦ ይጨርሰዋል። እዚህ ስደርስ መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ አባትሽ ምን ነበር የሚለኝ? "ሰላም ናት። ጤና ናት። ሰላም በሉ ብላለች።" በቃ! ሻዩ እንኳ ሳይበርድ ያልቃል። አራት ገጽ ሙሉ ሰላምታ ብቻ?

እሱ ሱቅ ሲሄድ ደብዳቤዎችሽን የሚያስቀምጥበትን ሳጥን ከፈትኩ። ከላይ ያለውን አነሳሁና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ "ሞ-ሚ-ና ስ-ድ-ስ-ት ጥ-ር-ስ አ-በ-ቀ-ለ-ች።" ምን? እኔ? የኔ እኮ እየረገፈ ነው! ልጄን ምን ነካት ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ከታች ያለውን አወጣሁ፦ "እማ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ስምሽን ሰጠኋት።" ዙህራ! ብቻዬን እልል አልኩ! ጎረቤታችን ሲምቦ "መል ታቴ? ምን ሆንሽ?" እያለች ሮጣ መጣች። "አያት ሆንኩ!" አልኳትና አቅፌ አሽከረከርኳት።

እሷ ስትሄድ ያንን የላዩን ደብዳቤ ጨረስኩት። "እማ፣ አንድ ቀን እንኳ የልጄን ስም አላነሳሽም። ለሜሳን ብትጠሉት እሷ ምን አጠፋች? ከእንግዲህ አልጽፍም።" ልጄ፣ በአላህ እምልልሻለሁ፣ አላወቅኩም ነበር። "ናፍቆትሽ ገደለኝ በልልኝ" እያልኩ አስጽፈው ነበር፤ ለካ አባትሽ "ደህና ነን" ብሎ ብቻ ነው የሚልክልሽ። ያጨልሽን የጊኒሩን ነጋዴ ትተሽ ከሾፌሩ ከለሜሳ ጋር ከሄድሽ ጀምሮ ምን ያህል እንዳኮረፈ ታውቂያለሽ።

ሃምሳ አለቃዋ ሰው ስትይዝ አትጮህም። እኔም አልጮህኩም። በማግስቱ ጠዋት ገንፎውን አቀረብኩለትና፣ "አባ ዙህራ፣ ሞሚና ስንት ጥርስ አላት?" አልኩት።

"ስድስት" አለ።

ሳያስበው! ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አሁንማ ጨምራ ይሆናል" አለ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ፎቶዋን አወጣ፤ በመዳሰስ ብዛት ጫፉ ነትቧል። "'አባዬ ይቅር ይለኝ ይሆን?' ብላ ጽፋለች። ይህን በገዛ አፌ እንዴት ላንብብልሽ?" አለኝ፤ አለቀሰም። እናቱ ስትሞት ያላለቀሰው ከማለዲን!

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍላት?" ስለው "ለሜሳም አብሮ ይምጣ በያት" አለ። እንግዲህ ሰማሽ! ማሻአላህ፣ የትንሿ ሞሚና ጉንጭ የአባትሽ ነው። ቶሎ ኑልኝ። አራተኛውን መጽሐፍ ጀምሬዋለሁ፤ ገዳዩን ብታውቂው እንዳትነግሪኝ።

አላህ መንገዳችሁን ያቅና፤ የልጅሽን ጥርስ በጤና ይሙላላት፣ ለኔም የቀረውን ያቆይልኝ።

እናትሽ፣
ትልቋ ሞሚና

ይህን ከጨረስኩ በኋላ አባትሽ "እስኪ አንብቢልኝ" አለኝ። አነበብኩለት። ያለቀሰበትን ግን ዘለልኩት።