ስለተቆረጠው አድባርና ስለ ጠማማው መስቀል

ለክቡር አቶ ብራኒስላቭ ቴፓቫች
የማዘጋጃ ቤታችን ሊቀ መንበር

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የጸና፣ አዲሱ የቢሮ ጠረጴዛዎም የተመቸዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ራዶሚር ኦብራዶቪች በጎርኛ ሊፖቪና ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ደግሞ በአባቴ ጎተራ ውስጥ ወንበርና መደርደሪያ እየሠራሁ ጎረቤት የምረብሽ ሰው ነኝ። የሠራኋቸው ወንበሮች ሁሉ ትንሽ ይነቃነቃሉ። አቤቱታዬ ግን ስለ ወንበር አይደለም።

አንደኛ፣ ስለ መንገዱ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የቆመውን የኦክ ዛፍ፣ አያቶቻችን መስቀል ቀርጸውበት «ዛፒስ» ያሉትን፣ ቅርንጫፉ በንፋስ ቢወድቅ እንኳ ማንም ለማገዶ የማያነሳውን የመንደራችንን አድባር አስቆርጠው መንገዱን ሁለት መኪና እንዲያሳልፍ አድርገውልናል። ችግሩ፣ በሰፋው መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው መጥፋቱ ነው። ትራክተሩም ብስክሌቱም እዚያች ቦታ ሲደርስ፣ ዛፉ አሁንም እንደቆመ ሁሉ ወደ ዳር ወጥቶ ይዞራታል። የእርስዎ ሹፌርም ሲዞር አይቼዋለሁ፤ እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው በስልክ እያወሩ ስለነበር አላስተዋሉም። ዞሮ ያለፈ ሰው ወደ ኋላ አያይም። እኔም አላይም።

ሁለተኛ፣ ስለ እንጨቱ። ለቤታችን ቅዱስ በዓል አዲስ የማዕድ ጠረጴዛ ልሠራ አስቤ ጣውላ ፍለጋ ወጣሁ። ሱቅ የሚሸጠው ጥድ ገና ሳይደርቅ ይጣመማል፤ ከጫካ በሌሊት የሚመጣው ደግሞ ማኅተም የለውም። ስለዚህ እንደ ሕግ አክባሪ ዜጋ ወደ ማዘጋጃ ቤትዎ የእንጨት ግቢ ሄድሁ። የግቢው ኃላፊ ቩኮዬ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። «መምህር፣ እድለኛ ነዎት! ለሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ከተሠራበት ግንድ የተረፈ ነው። እንደ ቅቤ ነው የሚቆረጥልዎ!» አለኝ። ከየት እንደመጣ ብጠይቀው «እንጨት ከየት ይመጣል መምህር? ከዛፍ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። እንዲህ ያለ የተሟላ መረጃ የሚሰጥ ሠራተኛ ስለቀጠሩልን እግዜር ይስጥልን።

ሦስተኛ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መጋዜ። ባለፈው ፀደይ በየቤቱ ያደሉትን፣ ፎቶዎ ያለበትን «መጋዝና ጤናዎ» የተሰኘ በራሪ ወረቀት ጎተራዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የታዘዝሁትን አደረግሁ። መነጽር አጠለቅሁ፤ ጥርሱ እንዳይጎትተው ጓንት አወለቅሁ፤ እጅጌዬን ሰበሰብሁ፤ ጣውላውን በጣቴ ሳይሆን በዱላ ገፋሁ፤ ከመጋዙ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቆምሁ። አንድ ነገር ብቻ አጓደልሁ፤ የተላገው ገጽ እንዳይጫርብኝ ብዬ ሻካራውን ወደ ታች አደረግሁት። ጣውላው ጥርሱ ጋ ሲደርስ ተንገዳገደ፣ መጋዙን ነከሰው፣ ከዚያ ተመልሶ ተወረወረ። በጎኔ አልፎ የጎተራውን በር ገንጥሎ ወጣ። ወደ ጎን ባልቆም ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ጠበቃ ነበር።

ጣውላው ግቢው መሐል በጀርባው ወድቆ አገኘሁት። ያንገዳገደው ነገር በሻካራው ገጽ ላይ አብጦ የወጣ፣ መዳፍ የሚያህል መስቀል ነበር። ወደ ቀኝ ያዘመመ።

ክቡርነትዎ ከከተማ ስለመጡልን ላስረዳዎ። በየዓመቱ ሕዝቡ ዛፉን ከዞረ በኋላ አንድ ወጣት በቢላዋ መስቀሉን ያድሳል። ከብዙ ዓመት በፊት ያ ወጣት ልጄ ራስትኮ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ። ሕዝብ ሲያየው ቸኮለና መስቀሉ ወደ ግራ አዘመመበት። ከሕዝቡ መሐል አንዱ «ይሄ መስቀል ከሰርግ ቤት የሚመለስ ነው የሚመስለው!» ብሎ አገሩን አሳቀው። ራስትኮም ጆሮው ቀልቶ አብሮ ሳቀ። በቀጣዩ ዓመት ቄሱ በዛፉ ሌላ ጎን ቀጥ ያለ መስቀል አስቀረጹ፤ የልጄን ደግሞ ዛፉ ቀስ እያለ ሸፈነው። ያን ጊዜ ራስትኮ አልነበረም። በመካከሉ በነበረው ክረምት የረጋውን ወንዝ ሲሻገር በረዶው ከድቶት ሰጥሞ ቀርቶብናል።

ዛፍ ቁስሉን ሲሸፍን ቅርጹን ይይዛል። ግንዱ ሲሰነጠቅ በዚያ ጠባሳ ላይ ከተላቀቀ፣ አንዱ ጣውላ የተቀረጸውን፣ ሌላው ግልባጩን ይዞ ይወጣል። ወደ ግራ ያዘመመው በእኔ ጣውላ ወደ ቀኝ የሚያዘምመው ለዚህ ነው። እኔ ጋ ያለው ዛፉ ያስታወሰው ነው፤ የልጄ እጅ የቆረጠው ሌላኛው ጣውላ ላይ ነው።

ባለቤቴ ደሳንካ ስታየው አላለቀሰችም። በመዳፏ ዳበሰችውና «ይሄ እኮ ጥላው ነው። እሱ የታለ?» አለችኝ። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ጋ ሄደች። ስትወጣ በር ላይ ቆማ «እሱን ሳታመጣ እንዳትጠራኝ፣ ራዶ። ልጄ ሰው ቤት ሆኖ እኔ ከጥላው ጋር ማዕድ አልቀርብም» አለች። አሁን ቤቱ ውስጥ እኔና ጣውላው ብቻ ነን። በቀን በቀን ይንጣጣል። እንጨት ሲደርቅ እንደሚንጣጣ አውቃለሁ። ቢሆንም በተንጣጣ ቁጥር «አቤት» እላለሁ። በጣም እፈራለሁ፤ የምፈራው ግን ዝም እንዳይል ነው።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ። ያንን ሌላኛውን ጣውላ ልጠይቅ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ስላቮይካ በትሕትና አነጋገሩኝ። «አባባ፣ እንጨት ለመመለስ ከሆነ ግቢው ጋ ይሂዱ» አሉኝ። መመለስ ሳይሆን መውሰድ እንደምፈልግ ስነግራቸው «ለመውሰድማ ጭራሽ ክፍል የለንም!» ብለው አዘኑልኝ። እርስዎ የመንገድ ደኅንነት ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ መንደራችንን ስላሰፉልን፣ ጣቶቼንም በወረቀትዎ ስላተረፉልኝ እጅ እየነሳሁ፣ እድሜና ሥልጣን ይጨምርልዎ ዘንድ ባዶው ቦታ ላይ ቆሜ እመኛለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ፣ መንገዱንም እንደ ሹፌርዎ የሚዞር፣
ራዶሚር ኦብራዶቪች

ሳልጠቅሰው የቀረ፦ ያን ቀን የክፍልዎ በር ክፍት ነበር፤ ባርኔጣዬ ከእጄ አምልጦ ጠረጴዛዎ ሥር ገባና ላነሳው ተንበረከክሁ። አናጢዎ የላገው ላዩን ብቻ ነው። ነገ ሥራ ሲገቡ፣ ከመፈረምዎ በፊት፣ እባክዎ እጅዎን በጠረጴዛው ሥር ይስደዱ። ከጉልበትዎ በላይ ያገኙታል፤ ወደ ግራ ያዘመመ ነው። ቀስ ብለው ይንኩት፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ቆርጠው ሊልኩልኝ ከወሰኑ ደግሞ በወረቀትዎ እንዳዘዙት ወደ ጎን ይቁሙ።