ባለ አንድ እግሯ የባሕር ወፍ

ለምወድህ ወንድሜ ለትሮልስ፣

ኮፐንሃገን እንዴት ይዛሃለች? ጤናህስ? እኔና እማዬ ደህና ነን፤ ከደሴቱ ንፋስ በቀር የሚነቀንቀን የለም። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም "ለትሮልስ የተጨሰ ዓሣ ላኪለት" ማለቷን አልተወችም።

እኔ ያው በኢንተርኔት የአርማ ውድድሬ ላይ ነኝ። ለገና መጥተህ፣ "ሁለት መቶ ሰው ለፍቶ አንዱ ብቻ የሚከፈልበት ምን ዓይነት ሥራ ነው? እናንተ ናችሁ እኛ ቢሮ ውስጥ በደመወዝ የምንሠራውን ሙያ ያራከሳችሁት!" ስትለኝ አኩርፌህ ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ለአንድ ዳቦ ቤት አርማ ስወዳደር፣ ከገቡት ሥዕሎች መካከል አንዲት የባሕር ወፍ አየሁ። እግሯ አንድ ብቻ ነው፤ ልክ አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጀልባው ላይ ሲሥላት ቀለም አልቆበት እንደተዋት። ጀልባዋ ከተሰበረች ሃያ ዓመቷ ነው፤ ፎቶ እንኳ የላትም፤ ያችን ወፍ ከእኛ ቤት ሰው በቀር የሚያስታውሳት የለም። ነገሩ ከነከነኝና የሠዓሊውን ገጽ ከፈትኩት። ቅጽል ስም እንጂ ስም የለውም። በዚያ ሳምንት ብቻ አሥራ ሰባት ውድድር ገብቶ አንዱንም አላሸነፈም። ሁሉንም የላከው ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሁሉ ቢሮው በሚሆንበት ሰዓት ነው።

እኔ የራሴን ሥዕል ከውድድሩ አወጣሁት። እንዲያው ደክሞኝ ነው።

ቢሮ እንዴት ነው? ዓርብ ዓርብ በየተራ ለቁርስ የምታመጡት ዳቦ አልቀረም? ድሮ ተራህ ሲደርስ ምን እንደገዛህ ሳትጽፍልኝ አትቀርም ነበር። ባለፈው ዓርብ ማን አመጣ?

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች። የአባዬን ክፍል ምድጃ አስጠግኜዋለሁ፤ ደህና አድርጎ ይሞቃል፤ ለመምጣት ገናን መጠበቅ የለብህም።

እህትህ ሶልቪ