የአባቴን እግር ስላስመረቁልኝ

ለክቡር የስፖርት፣ የመዝናኛና የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? አንገትዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ደህና ነው? ከወንበርዎ ሲነሱ ሁለቱም እግሮችዎ እኩል ይታዘዙልዎታል? ሰው ሲጠያየቅ እንዲህ በየመገጣጠሚያው እንደማይጠይቅ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አባቴን ይዤ ወደ ፋኩልቲዎ ስመላለስ ከርሜ ሰላምታዬ ሁሉ ምርመራ ሆኖብኛል። ለቤተሰብዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ እንዲሁም ቢሮዎ በር ላይ ቆሞ “ስብሰባ ላይ ናቸው” ለሚለው ትሑት ጥበቃ እጅ ነሥቻለሁ። እኔን የጠየቁ እንደሆነ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለት አንድ ጆሮዬን የቤታችን ኮሪደር ላይ ጥዬ እጽፋለሁ ማለት ነው።

ከዚህ ቀደም የታሸጉ ደብዳቤዎች ልኬልዎ መልስ አላገኘሁም። ፖስታ መቅደድ ከእርስዎ የሥራ ደረጃ በታች መሆኑ ዘግይቶ ስለገባኝ፣ ይኸኛውን ማንም ሊያነበው በሚችልበት ጋዜጣ ላይ አወጣሁት፤ ምናልባት ያነበበ ሰው በምሳ ሰዓት ያነሳልዎት ይሆናል።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። የአንድ ጡረተኛ አናጺ ልጅ ነኝ። አባቴን ስትሮክ ግራ ጎኑን መትቶት ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ “ከዚህ በኋላ መድኃኒቱ እንቅስቃሴ ነው” ብሎ አሰናበተን። እንቅስቃሴ በየትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ ግን አልነገረንም። በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ሰምታ ነገረችን፦ በእርስዎ ፋኩልቲ የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ የሚባል የዲግሪ ትምህርት አለ፤ ለእያንዳንዱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደ አባቴ ያለ አንድ ሰው ይሰጠዋል፤ ተማሪው ያንን ሰው አንድ ሙሉ መንፈቅ መቆም፣ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት ያለማምደዋል፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን የሰውዬው አካሄድ ይለካል፤ ሰውዬው በተሻሻለው መጠን ተማሪው ውጤት ያገኛል። ለእነሱ ፈተና፣ ለእኛ ሕክምና ነበር።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ነበር። ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ረጃጅም መደገፊያ ብረቶች፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ወደ ግድግዳ የሚያስወጣ የእንጨት ደረጃ። ለአባቴ የደረሰችው ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ከእሱ በላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ አይቷት፣ “አይዞሽ አሠልጣኝ፤ ግራው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው እንጂ ቀኙ እየተጫወተ ነው” አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ አሠልጣኝ፣ አልታዘዝ ያለው እግር ተቀያሪው ተባሉ። ሲደክመው “ይሄ ዳኛ አያፏጭም እንዴ” ይላታል፤ እሷም “ጋሼ፣ ጭማሪ ሰዓት አለ” ትለዋለች። አባቴ ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት እዚያ ክፍል ነው። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ሳቁ እንዳይቋረጥ ትንፋሼን ይዤ እሰማው ነበር።

አሁን ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚያከብሩ ከሥራዎ ተረድቻለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። በመጨረሻው የልኬት ቀን ፎቶግራፍ አንሺ አስከትለው መጡ። አብዛኞቹ አባቶች የሆኑበትን ክፍል “እንዴት ናችሁ እናቶቼ” ብለው ሰላም አሉ። ጉልበቷን የምትታመመውን ልብስ ሰፊ ለፎቶው ሲሉ ክንዷን ያዙላት፤ ያውም በተሳሳተው ጎን። ልብስ ሰፊዋ ልትወድቅ እንደሆነ ቢገባትም፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብላ፣ የካሜራው ብልጭታ እስኪያልፍ በአንድ እግሯ ቆማ ጠበቀችዎ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው፣ “እነዚህ ሰዎች እኮ ይራመዳሉ፤ ታዲያ ምኑን ነው የምናስተምረው?” አሉ። መምህሩ ቃል ሲመርጥ እርስዎ በሩ ላይ ደርሰዋል። በእውነቱ ፈጣን አካሄድ አለዎት።

ሁለተኛ፤ ስለ ማስታወቂያዎ አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው መንፈቅ ልምምዳችንን እንቀጥላለን ብለን ስንመጣ በሩ ተቆልፎ፣ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘነው። ተሳታፊዎቹ “ከተጠበቀው እጥፍ መሻሻል አሳይተው በክብር ስለተሰናበቱ” ክፍሉ ዓላማውን አሳክቶ መዘጋቱን፣ ትምህርቱም “የስፖርትና መዝናኛ ዝግጅት አመራር” በሚባል አዲስ ዲግሪ እንደሚተካ ይገልጻል። አባቴ ደጋግሜ እንዳነብለት አደረገኝ። “ተመረቅኩ ማለት ነው?” አለ። እኔ እንጃ አባዬ፣ አልኩት። ቤት ልንደርስ ስንል፣ “ጋወን እንኳ ሳያለብሱኝ” አለ።

ስለዚህ ስለ “እጥፍ መሻሻል” አንድ ነገር ልነግርዎ ግድ ሆነብኝ፤ ባለጉዳዮቹም ፈቅደውልኛል።

ነገሩን የጀመረው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የመጀመሪያው ልኬት ዕለት ከበሩ ውጭ ተደርድረን ተራ ስንጠብቅ፣ “ስሙኝማ፤ ልጆቹ ማርክ የሚያገኙት እኛ በተሻሻልነው ልክ ከሆነ፣ ዛሬ ደህና መስሎ መግባት ጭካኔ አይደለም ወይ?” አለ። ልብስ ሰፊዋ “ኧረ እግዜር ይይልህ” አለችው፤ ተራዋ ሲደርስ ግን ክፍሉ መሀል ላይ ቁጭ ብላ ውኃ የጠየቀች እሷ ናት። በዱላው ብቻውን መሄድ ይችል የነበረው አባቴ ካልደገፋችሁኝ አልንቀሳቀስም አለ፤ ትከሻውን አዘንብሎ፣ ተቀያሪውን እንደ ጆንያ ከኋላው ጎተተ። ሾፌሩማ ትወናው ስቦት የታመመው እግሩ የትኛው እንደሆነ ረሳና በጤነኛው አነከሰ። ታክሲ ውስጥ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ “እንዴት ነበርኩ?” አለኝ። አበዛኸው፣ አልኩት። “ለልጅቷ ነው” አለ።

ተማሪዎቹ አያውቁም፤ መምህሩም አያውቅም። በመንፈቁ ማብቂያ ደግሞ በእርግጥ ተሻሽለዋል። አባቴ ያለ ዱላ ክፍሉን አቋርጧል፤ ዓይኔ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ሐሰት የለበትም። እጥፉ ግን ከደግነታቸው የተጨመረ ነው። ክቡርነትዎ ማንንም ሳይጠይቁ፣ አንዱን ሽማግሌ እንኳ “ቤትዎ ውስጥ እንዴት ነው የሚሄዱት?” ሳይሉ፣ ያንን እጥፍ ይዘው በሩን ቆለፉበት። የሰውን እግር ትምህርት አስተዳድራለሁ የሚል ምሁር፣ ለሚወዷት ልጅ ሲሉ ያነከሱ ሽማግሌዎችን ጨዋታ እንደ ሳይንስ ግኝት አጸደቀ። ድንቁርና እንዳልል ማዕረግዎ ከለከለኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ጋዜጣው ቢፈቅድ በነጭ ይውጣ።

ሦስተኛ፤ ስለ ንብረት አያያዝዎ። መደገፊያ ብረቶቹ ተነቅለው በአዲሱ የስፖርት አዳራሽ መግቢያ ላይ መተከላቸውን፣ የክብር እንግዶችም በመካከላቸው ተሰልፈው እንደሚገቡ ተመልክቻለሁ። እንግዶቹ ብረቱን አይነኩትም፤ ጤነኞች ናቸው። አባቴ የሙጥኝ ብሎት ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ በአዲስ ቀለም ተሸፍኗል። መስታወቱ የክራባት ማስተካከያ ሆኗል። ወደ ግድግዳ ብቻ ያስወጣ የነበረው የእንጨት ደረጃ ምንጣፍ ለብሶ እርስዎን ወደ መድረክ ያወጣል፤ ለደረጃው የሥራ እድገት ነው፣ እንኳን ደስ ያለው። ክፍላችን ደግሞ የእንግዶች ማረፊያ ሆኗል። ሶፋዎቹ በጣም ጥልቅ ናቸው። ከእኛ ሽማግሌዎች አንዱ ቢቀመጥባቸው ለብቻው አይነሳም።

አራተኛ፤ ስለ አዲሱ ዲግሪ። ስፖርት ትጠላለች እንዳይሉኝ፤ መዝናኛም የተከበረ ሙያ መሆኑን አልክድም፤ ሰው የሚጫወትበት ሜዳና የሚያጫውተው ሰው ያስፈልገዋል። የትምህርት ዝርዝሩን በድረ ገጻችሁ ላይ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የክብር እንግዳ አቀማመጥ። የመክፈቻ ንግግር አዘገጃጀት። የማይክሮፎን አጠቃቀም። የስፖንሰር አያያዝ። ጉልበት የሚል ቃል ፈለግኩ፣ የለም። እግር የለም። ኳስም የለም። ተመልካች አለ።

ነባሩን ትምህርት የጀመሩትም እስኪጨርሱ ድረስ የተግባር ፈተናቸውን በወረቀት ይወስዳሉ ተብሏል። ምርጫ ነው፦ ደካማ ሰው ሲራመድ በየት በኩል ይደገፋል? በቀኝ፣ በግራ፣ በሁለቱም፣ መልስ የለም። ክቡር ሆይ፣ መልሱ ያለው ሰውዬው ዘንድ ነው። ሰውዬው ደግሞ ወረቀቱ ላይ የለም።

የአባቴ አሠልጣኝ ተመርቃለች። የተቀጠረችው እዚያው አዳራሽ በር ላይ “በዚህ በኩል ይለፉ” ለማለት ነው። አባቴ ካላየኋት ብሎ አስቸግሮኝ አንድ ቀን ወሰድኩት። ዩኒፎርም ለብሳ ቆማለች። ስታየው ቦታዋን ትታ መጥታ በግራ ብብቱ ስር ገባችና፣ “ምነው ጋሼ፣ ተቀያሪው ደከመ?” አለችው። “ልምምድ ቀርቶበት ነው አሠልጣኝ” አለ። ትንሽ አብረው ሄዱ። አለቃዋ ከውስጥ “አንቺ፣ ቦታሽ በሩ ላይ ነው” አላት። እጇን ቀስ ብላ፣ መቆሙን እያረጋገጠች ለቀቀችው። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች፤ ዓይኗን ግን ከእግሩ ላይ አላነሳችም። አንድ እንግዳ በተሳሳተው በኩል አለፈ።

አምስተኛ፤

ቁጥሩን ጽፌ ቆየሁ። ከኮሪደሩ ድምፅ መጣ። አንዱ እግር ይረግጣል፤ ሌላው ይከተላል፤ በመካከላቸው ዝምታ አለ። ያ ዝምታ እየረዘመ ነው። እስክሪብቶዬን አነሳለሁ፤ አዳምጣለሁ፤ ድምፁ ከቀጠለ እጽፋለሁ። እስካሁን ቀጥሏል።

ትናንት ኩሽና በር ላይ ቆሜ አየሁት። በአንድ እጁ ዱላውን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዞ፣ ትከሻውን አዘንብሎ፣ እግሩን ከኋላው እየጎተተ ይመጣል። ይህን አካሄድ የት ነው የማውቀው አልኩ። የመጀመሪያው የልኬት ቀን አካሄድ ነው። ለልጅቷ ብሎ ከራሱ የፈጠረው፣ እኔም አበዛኸው ያልኩት። የትከሻው ዝንባሌ ሳይቀር ያው ነው። አሁን ግን የሚለካው ሰው የለም፤ እንደማየውም አላወቀም፤ እንዴት ነበርኩ ብሎም አልጠየቀኝም።

ቅሬታዬ ይኸው ነው። ሌሎቹን አራቱን ከፈለጉ ይሰርዟቸው።

በመጪው ሰኞ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት የትምህርቱን መዘጋት ለማጽደቅ እንደሚሰበሰብ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰውም ቀርቦ መናገር እንደሚችል መምህሩ ነግሮናል። አባቴ ይቀርባል። ታክሲ ግቢው ውስጥ ስለማይገባ ከበሩ እስከ ሴኔቱ ሕንፃ የሚመጣው በእግሩ ነው። ሾፌሩና ልብስ ሰፊዋም ይመጣሉ። አሠልጣኟ ፈቃድ ጠይቃ ተከልክላለች፤ እመጣለሁ ብላለች። አባቴ ይደርሳል ብዬ አላምንም። እሱ ግን ኮቱን አስተኩሶ ሰቅሏል፤ “ማልጄ ከተነሳሁ ምን ይይዘኛል” ይላል፤ እኔም እሺ አባዬ እላለሁ። ከደረሰ ንግግሩ አጭር ነው። ዋሽተናል ሊላችሁ ነው። ክፍሉን ክፈቱና እንደገና በደንብ ለኩን፣ አሁን አንዋሽም ሊላችሁ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅዎን ለማውጣት አይቸኩሉ። ስብሰባ ዘግይተው በመጀመር የታወቁ ነዎት፤ ይህ ልማድዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ይጠቅማል።

ከማይነቃነቅ ወንበር ላይ ሆነው የእንቅስቃሴን ሳይንስ ለሚመሩት፣ ያልጠየቁትን አውቀው፣ ያላዩትን ለክተው፣ ያልዳነውን በክብር ላሰናበቱት ለክቡርነትዎ፣ ማዕረግዎ የሚጠይቀውን ያህል፣ ከዚያም አንዲት ጠብታ ሳላተርፍ፣ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

በክብር የተሰናበተው እግር ባለቤት ልጅ

ማስታወሻ፦ የሴኔቱ አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ የደረጃው መደገፊያ ከግድግዳው ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ይህን የማነሳው ለአባቴ ብዬ አይደለም፤ እሱን የምንይዘው እኛ አለን። ለእርስዎ አስቤ ነው። አንድ ቀን እዚያ ጋ ቢወድቁ አንስቶ እንደገና የሚያራምድዎት ተመራቂ አያገኙ ይሆናል፤ መውደቅዎን ግን በጠራ ድምፅ፣ በጥሩ ማይክሮፎን፣ ለክቡራን እንግዶች የሚያበስር አይጠፋም።